ከራስ ጋር የሚደረግ ትግል

በጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር ማለዳ የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት ሰዎች ሲተላለፉ ያያል። አንደኛው በባሕር ዛፉ ጫካ ለመሮጥ ዳገቱን የያዘ ወጣት ስፖርተኛ ነው። ሁለተኛው ከአረቄ ቤት ወጥቶ ግድግዳ እየተደገፈ ወደ ቤቱ የሚያዘግም ጎረቤታችን ነው። ለፍርድ ለሚቸኩል አእምሮ ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ የፊተኛው የተመሰገነ፣ የኋለኛው የተወገዘ። ለመሆኑ ግን አለመጠጣት በራሱ ምግባር ነውን? ወይስ ምግባር የሚያሰኘው ከበስተኋላው ያለው ምክንያትና ለሌላው ሰው ያለን አመለካከት ነው?

ምሳሌዬን የማመጣው ካልተጠበቀ ስፍራ ነው። የሰፈራችን ልጆች በቪዲዮ ቤት ተጠጋግተው ይመለከቱት የነበረው የአሜሪካ «ሬስሊንግ»፣ ለተውኔት ጸሐፊ ዐይን፣ ከስፖርትነቱ ቴአትርነቱ ያይላል። አሸናፊው አስቀድሞ ተወስኗል፤ ጀግናውና ከይሲው ሚናቸውን ተቀብለዋል፤ የአካሉ ድካምና ሕመም ግን እውነተኛ ነው። በዚህ መድረክ ሲ ኤም ፓንክ በሚል ስም የታወቀው የቺካጎ ተወላጅ አልኮል የማይጠጣ፣ ትምባሆ የማያጤስ፣ አደንዛዥ ዕፅ የማይነካ ሰው ነው። አቋሙንም ሳይሸሽግ በእጁ ላይ የኤክስ ምልክት አድርጎ ይወጣ ነበር።

ምልክቱ የራሱ ታሪክ አለው። በአሜሪካ የሙዚቃ ቤቶች ዕድሜያቸው ለመጠጥ ላልደረሰ ወጣቶች መጠጥ እንዳይሸጥላቸው በእጃቸው ጀርባ ላይ ኤክስ ይጻፍባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከፓንክ ሙዚቃ አፍቃሪዎች መካከል የተነሡ ወጣቶች ይህንኑ የክልከላ ምልክት በፈቃዳቸው የራሳቸው አደረጉት። «አትጠጣ» የሚለው ትእዛዝ «አልጠጣም» ወደሚል ቃል ኪዳን ተለወጠ። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የባሪያና የነፃ ሰው ልዩነት ነው።

ሶምሶንን እናስታውስ። ናዝራዊነቱ ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ የተወሰነለት ነው፤ ናዝራዊም ከወይን ጠጅ የራቀ መሆን ነበረበት። ኃያሉ ሰው ግን የወደቀው በስካር ሳይሆን በደሊላ ጉልበት ላይ አንቀላፍቶ ነው። ሌሎች የመረጡለት ክልከላ ራሱን መግዛትን አላስተማረውም።

አሪስቶትል በሥነ ምግባር ትምህርቱ ሁለት ሰዎችን ይለያል፤ ምኞቱ ከአእምሮው ጋር የተስማማለትን ልከኛ ሰውና ምኞቱ እየጎተተው በአእምሮው ኃይል የሚያሸንፈውን ሰው። ፈላስፋው የፊተኛውን ያስበልጣል። እኔ ግን በአረቄ ቤት ደጃፍ ያደገው፣ ሽታው እየጠራው ዳገቱን የሚወጣው ወጣት ይበልጥብኛል። የእርሱ ድል በየማለዳው እንደ አዲስ የሚገኝ ነውና።

ሆኖም ድሉ አደጋ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2009 የዚያ ታጋይ ሚና ተገለበጠ። ሰውየው አልተለወጠም፤ እንደ ቀድሞው አይጠጣም። ነገር ግን ንጽሕናውን እንደ ጅራፍ አንሥቶ ከተመልካቹ እንደሚበልጥ መስበክ ጀመረ። ትናንት ያጨበጨበለት ሕዝብም ጮኸበት። ልማዱ አንድ ሆኖ ሳለ ጀግናውን ከይሲ ያደረገው ትዕቢት ብቻ ነበር።

በእኛም ሰፈር ይህ መድረክ ዘወትር ይዘረጋል። በአንድ የክርስትና ግብዣ ላይ አንድ ወጣት ስፖርተኛ ጠላ ሲቀዳለት እጁን በጣሳው አፍ ላይ አደረገ።

«ምነው ልጄ፣ ናቅኸኝ እንዴ?» አሉት ባለቤቲቱ።

«ኧረ በፍጹም እማማ! ነገ በማለዳ ልምምድ አለብኝ፤ ውኃ ይስጡኝ።»

«እንግዲያስ እግርህን ያበርታው» ብለው ውኃውን ራሳቸው አመጡለት።

የሴትዮዋ ጥርጣሬ ከባዶ የመጣ አይደለም። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» በሚባልበት አገር የማይጠጣ ሰው ሆዱን የሸሸገ ይመስላል። በተጨማሪም ጠላና አረቄ ሸጠው ልጅ ያስተማሩ እናቶች በመካከላችን አሉ። የዚያ ወጣት የመሮጫ ጫማ በአረቄ ገንዘብ የተገዛ ቢሆንስ? አረቄውን እምቢ ሊል ይችላል፤ የእናቱን ድካም የመናቅ መብት ግን የለውም።

ነገሩ በየቤቱም አያበቃም። ሐረር ቢራ፣ ዳሽን ቢራ ተብለው የተጠሩ የእግር ኳስ ቡድኖች ነበሩን፤ የማይጠጣውም ተጫዋች የቢራውን ስም ተሸክሞ ሮጧል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ አልኮል በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነም እንዳይሸጥ ከልክሏል። ክልከላው ተገቢ ነው። ሕግ ግን ሻጩን ይገታል እንጂ «አልጠጣም» የሚለውን ቃል በወጣቱ አፍ ሊያኖር አይችልም። ያ የአስተማሪው፣ የአሠልጣኙና የከያኒው ድርሻ ነው።

ድርሻችንን ስንወጣ የማይጠጣውን ጀግና ጠጪውን መደብደቢያ በትር እንዳናደርገው እንጠንቀቅ። በመንገዱ ዳር ግድግዳ የተደገፈው ሰው ስብከት ሰልችቶታል፤ ቤቱ የሚያደርሰው ክንድ ግን ያስፈልገዋል።

የአገራችን ማዕድ ለዚህ ጥያቄ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ መልስ አለው። ጠጅ በሚጣልበት ቤት አስተዋይ ደጋሽ ለማይጠጣው እንግዳ ብርዝ ያዘጋጃል፤ ያንኑ ማር፣ ያንኑ ውኃ፣ ጌሾ ሳይገባበት። የሚቀዳውም በዚያው በብርሌ ነው። ጠጪውና የማይጠጣው ጎን ለጎን ተቀምጠው እኩል ያነሣሉ፤ ማንም ማንን አይጠይቅም።