የማይፈለግ ድምፅና የሐቅ ጥያቄ

መቅረጸ ድምፅ አድልዎ አያውቅም። ዘፋኙንም፣ የጎረቤት ውሻንም፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደውን ዝናብም በእኩል ይቀበላል። የሰው ጆሮ ግን መራጭ ነው፤ የሚወደውን ሲያዳምጥ ሌላውን ይዘነጋል። በቤቱ ሙዚቃ የሚቀርጽ ሰው ሥራውን መልሶ ሲሰማ የሚደነግጠውም ስለዚህ ነው፤ ሲጫወት ልብ ያላለው የማቀዝቀዣ ጩኸት ከክራሩ ጋር ተቀርጾ ይጠብቀዋል። እንግዲህ የሚነሣው ጥያቄ የሙያ ብቻ አይደለም። በዚያች ሰዓት በእርግጥ የነበረን ድምፅ እንዳልነበረ ማድረግ ማጥራት ነው ወይስ መዋሸት?

እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በአዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 በካሴት የቀረጿቸው ዜማዎች በ2024፣ እርሳቸው ባረፉ በዓመቱ፣ «ሱቬኒርስ» በሚል ርእስ በሸክላ ወጥተዋል። ከፒያኖውና ከድምፃቸው ባሻገር ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ይሰማሉ። ዜማዎቹ ስለ ስደትና ስለ ሀገር ናፍቆት የሚናገሩ ናቸው፤ ወፎቹ ደግሞ የዚያችው ሀገር ናቸው። እነርሱን «ጉድለት» ብሎ የሚደመስስ ባለሙያ ቢነሣ፣ ዜማውን ከገዛ አገሩ ያሰድደዋል።

ይህ ሲባል ግን ጫጫታ ሁሉ ምስክር ነው ማለት አይደለም። የካሴት ሽውታ ወይም ባለ 50 ሄርዝ የኤሌክትሪክ እምምታ ስለ ማንም ሕይወት አይመሰክርም፤ ስንፍናን ሐቀኝነት ብሎ መሰየምም አይገባም። ማቀዝቀዣውን ማጥፋት ምን ይገዳል? ማይክሮፎኑን ወደ ዘፋኙ በእጥፍ ማቅረብ በቀጥታ የሚደርሰውን ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ያጎላዋል። ብዙዎች ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍነው የመንገዱን ሁካታ ያስቆሙ ይመስላቸዋል፤ ብርድ ልብስ የሚቀንሰው የክፍሉን የገደል ማሚቶ ነው እንጂ የውጭውን ድምፅ የሚያግደው ክብደት ያለው ግድግዳና የተደፈነ ቀዳዳ ነው። ይህ ሁሉ ከቀረጻ በፊት የሚሠራ በመሆኑ የሆነውን አይለውጥም።

ችግሩ ከቀረጻ በኋላ ነው። የዛሬው ኮምፒዩተር የጫጫታውን ናሙና ወስዶ ከሙዚቃው ላይ ይቀንሳል፤ ሲበዛ ግን የዘፋኙን ትንፋሽና የክሩን የመጨረሻ ንዝረት አብሮ ይወስዳል፣ ድምፁም ከውኃ ውስጥ የወጣ ይመስላል። ባለቤቱ በሕይወት ካለ ይወስን። ከሌለ የጠራው ቅጂ ይውጣ፤ የመጀመሪያው ካሴት ግን ሳይነካ ይቀመጥ።

ደግሞም ጸጥታ በእኩል የታደለ ሀብት አይደለም። አውራ ጎዳና ዳር በአንዲት ክፍል የሚኖር ሙዚቀኛ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይቀርጻል። ያን ጊዜ ማልዶ ሥራ ለሚገባው ጎረቤት የማይፈለገው ድምፅ የእርሱ ክራር ነው። ስለዚህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይዘፍናል፤ የሚያዳምጠውም ሰው ይህን ዝግታ የዜማው ጠባይ አድርጎ ይወስደዋል።