ቀጣዩን ክፍል ማን ጻፈው?

አዲሱን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ሐዲድ የሠሩት ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። አንዱ ከሰበታ ተነሥቶ ሚኤሶ ላይ አቆመ፤ ሌላው ከሚኤሶ ተቀብሎ እስከ ደወሌ ወሰደው። መስመሩ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ የአንዱ ሥራ የት እንዳለቀ፣ የሌላው ከየት እንደጀመረ አይጠይቅም። ሐዲዱ ገጥሟል፣ ባቡሩ ያልፋል፣ አለቀ። የልብ ወለድ አንባቢ ግን እንዲህ ቸር አይደለም። ሁለቱንም ክፍሎች ያው ደራሲ ጽፏቸው፣ ያው ገጸ ባሕርያት ሲመላለሱባቸው እንኳ መጋጠሚያው ላይ ቆሞ «እዚህ ጋ አልገጠመም» ይላል። መጽሐፉ የወንጀል ወይም የስለላ ከሆነማ ቅሬታው ክስ ይሆናል። ክሱ በምን ላይ ይቆማል? ሰው ፈልጎ ያነበበውን ፈጠራ «በደለኝ» ሊለው ይችላል?

በአማርኛ ይህ የቀጣይ ክፍል ነገር ጎልቶ የታየው በይስማዕከ ወርቁ መጻሕፍት ይመስለኛል። «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ወጣ። በውስጡ ስለላ አለ፣ ጣናና ገዳማቱ አሉ፣ አሜሪካ ያለ ኢትዮጵያዊ የጠፈር ሳይንቲስት አለ፤ ብዙ አንባቢም ሳይንቲስቱን ከኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ጋር አያይዞ አነበበው። መጽሐፉ በተደጋጋሚ ታተመ። «ራማቶሓራ» ተከተለው፣ ከዚያም «ዣንቶዣራ»። ጥብቅ የወንጀል ልብ ወለድ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ አንባቢን የሚይዝበት መንገድ ግን ያው ነው፦ የተደበቀ ነገር አለ፣ የሚያሳድድ አለ፣ የሚታደን አለ።

እንደ ሚኤሶ፣ አሰቦትና ጭሮ ባሉ ከተሞች እንዲህ ያለ መጽሐፍ የአንድ ሰው ሆኖ አይቀርም። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሽፋኑ ይላቀቃል፤ አንዳንዴ የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ተገንጥለው ይጠፋሉ (የወንጀል ልብ ወለድ ላይ ከዚህ የከፋ ምን አለ?)። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ደግሞ ያነበበው ላላነበቡት ይተርካል። በአማርኛ ያነበበውን በኦሮምኛ ያወራዋል፣ መሀል ላይ የራሱን ጥርጣሬ ይጨምርበታል፤ የሚያዳምጠውም ዝም አይልም።

እስቲ አንድ የሚኤሶ አንባቢ እናስብ። አንደኛውን ክፍል ጨርሷል፤ ሁለተኛው ገና አልደረሰም። ወራት ያልፋሉ። ማን እንደተረፈ፣ ማን እንደከዳ፣ ሞተ የተባለው በእርግጥ ሞቶ እንደሆነ በርጫው ላይ ይከራከራሉ። ምርቃናው ሲደርስ አራት ሰዎች አራት ሁለተኛ ክፍሎች አውጥተው ያስቀምጣሉ፤ እያንዳንዳቸው በማስረጃ የተደገፉ፣ እያንዳንዳቸው ለባለቤታቸው የማይነኩ። ከዚያ አንድ ቀን የታተመው ይመጣል። በሦስት ሌሊት ይነበባል። ፍርዱም ወዲያው ነው፦ «አቦ፣ ይሄ ሰውዬ አበላሸው!»

ልብ እንበል። የታተመው መጽሐፍ ወደ ባዶ ቦታ አልገባም። አራት ቀጣይ ክፍሎች ቀድመውት ተቀምጠዋል፤ እሱ አምስተኛ ሆኖ ነው የደረሰው። ያውም ከእንግዶቹ ሁሉ የመጨረሻ ሆኖ ሳለ እውነተኛው እኔ ብቻ ነኝ እያለ።

ለዚህ ቅሬታ የተለመደ ማብራሪያ አለ። የዴንማርኩ ፈላስፋ ኪርክጎር እ.ኤ.አ. በ1843 መደገም ይቻል እንደሆነ የሚመረምር መጽሐፍ አሳትሟል። ተራኪው ድሮ የተደሰተበትን የበርሊን ጉዞ ለመድገም ይነሣና ወደዚያው ማረፊያ፣ ወደዚያው ቲያትር ቤት ይሄዳል፤ ደስታው ግን እዚያ አይጠብቀውም። በዚህ መንገድ ካየነው የክፍል ሁለት አንባቢ የሚፈልገው ክፍል አንድን፣ ያውም እንዳላነበበው ሆኖ፣ እንደገና ማንበብ ነው። ይህን ደግሞ ማንም ደራሲ ሊሰጠው አይችልም። እውነት አለው፤ ግን አይበቃኝም። ማብራሪያው ለማንኛውም ቀጣይ ክፍል ይሠራልና የወንጀል ልብ ወለድ አንባቢ ከሁሉ ይልቅ ለምን እንደሚቆጣ አይነግረንም። የፍቅር ታሪክ ያልጣመው ሰው «አሳዘነኝ» ይላል። የወንጀሉ አንባቢ የሚለው «አታለለኝ» ነው።

ልዩነቱ የመጣው አንባቢው ሥራ ስለተሰጠው ይመስለኛል። በቀድሞው ሥርዓት ወንጀል ተፈጽሞ ጥፋተኛው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ለአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር፤ አፈርሳታም ይባላል። ነገሩ እስኪወጣ ድረስ መበተን የለም። እርሻም ቢሆን፣ ከብትም ቢሆን ይጠብቃል። የወንጀል ልብ ወለድ አንባቢውን እንደዚህ ያስቀምጠዋል፤ አየህ፣ ሰማህ፣ ማንን ትጠረጥራለህ ይለዋል። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። በአውጫጭኙ ስሙ የሚወጣው ከተቀመጡት ሰዎች አፍ ነው። በልብ ወለዱ ስሙን የሚያወጣው ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲያውቅ የነበረው ደራሲ ነው፤ የእኛ ምስክርነት ከቁጥር አይገባም። በአንደኛው ክፍል ይህን እንታገሣለን፤ ጨዋታው ይህ መሆኑን አውቀን ገብተናል። ሁለተኛው ክፍል ግን የተዘጋውን መዝገብ ይከፍታል። ገዳይ ያልነው ተገዶ ነው ይላል፣ የቀበርነውን ያስነሣል። አንባቢው እዚህ ላይ በዳኝነት ተቀምጦ የሰጠው ፍርድ፣ ሳይጠራ ተሽሮ እንዳገኘ ሰው ይሆናል።

እንዲህ ከሆነ ክሱን ለሁለት መክፈል አለብን። አንደኛው ምኞት ነው፦ እገሌ ባይሞት፣ እገሊት ባትከዳ። ደራሲው በዚህ ዕዳ የለበትም፤ በምኞት የሚከስ አንባቢ ከነፋስ ጋር ይሟገት። ሁለተኛው የማስረጃ ጥያቄ ነው። እንግሊዛዊው ቄስና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለመርማሪ ታሪኮች አሥር ሕጎች ሲያወጣ ወንጀለኛው በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ የተጠቀሰ ሰው ይሁን ብሎ ነበር። በሁለተኛው ክፍል ከየትም የማይታወቅ ወንድም ብቅ ብሎ ሁሉን የሠራሁት እኔ ነኝ ካለ፣ የሚኤሶው ሰው «ተበደልኩ» ማለቱ ትክክል ነው። ጉልበቱንና ሌሊቱን ወስደው የቆጠረውን ፍንጭ ባዶ አድርገውበታል። ሁለተኛው ክፍል ሳያስተውለው ያለፈውን ፍንጭ ካሳየው ግን፣ ልቡ ቢሰበርም አፉን መያዝ ይገባዋል።

ይህ ድንበር ንጹሕ ነው ብዬ አልከራከርም። ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆምስን እ.ኤ.አ. በ1893 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሪክንባክ ፏፏቴ ላይ ገደለው፤ ሊገላገለው ነበር። አንባቢው ተቆጣ። በ1903 መልሶ ሲያስነሣው ታዲያ አንድ ነገር አገዘው፦ በመጀመሪያው ታሪክ አስከሬን ያየ ሰው አልነበረም። ለመቅበር የተጻፈው ታሪክ ሳያስበው ለትንሣኤው ቀዳዳ ትቶለታል። በማስረጃው በኩል አንባቢው የሚለው የለውም። ሆኖም ዶይል ራሱ ያወራው እንደነበረው፣ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ሆምስ ከገደል ወድቆ ባይሞትም ከዚያ ወዲያ ግን የድሮው ሰው አይደለም ብሎታል። ይህ ሦስተኛ ዓይነት ቅሬታ ነው። ፍንጭ አልጠፋም፣ ምኞትም አልተከለከለም፤ ሰውየው ብቻ ሌላ ሆኗል። እኔ እስከሚገባኝ በአሥር ዓመቱ የተለወጠው ሆምስ ብቻ አይደለም። መጀመሪያውን በአሥራ አምስት ዓመቱ ያነበበ ልጅ ቀጣዩን ያገኘው በሃያ አምስቱ ነው። በዚህም ደራሲ አይከሰስም።

አንባቢው የባለቤትነት ጥያቄ እንደሌለው ከስዊድኑ ስቲግ ላርሰን ጉዳይ ማየት ይቻላል። ላርሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ሞተ፤ ሦስቱ የወንጀል ልብ ወለዶቹ ከሞተ በኋላ ዓለምን አዳረሱ። በ2015 ዳቪድ ላገርክራንትስ የሚባል ሌላ ደራሲ አራተኛውን ጻፈ። ለረጅም ዓመታት አብራው የኖረችው ኤቫ ጋብሪየልሶን ተቃወመች፤ ነገር ግን በሕግ ስላልተጋቡ ውርሱ የአባቱና የወንድሙ ነበር። ክርክሩ በወራሾችና በእሷ መካከል ሲጦፍ አንባቢው በብዛት ገዝቶ አነበበ። ማን ፈቀደ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ይገጥማል ወይ ብሎ ጠየቀ።

የእኛው አገር ግን ከዚህ ሁሉ የከበደ ጉዳይ አላት። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ። በአስመራ፣ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ውስጥ የሚካሄድ የስለላና የፍቅር ታሪክ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ቮልስዋገኑ ቃሊቲ መንገድ ላይ ተገኘች። «ኦሮማይ» ሁለተኛ ክፍል የለውም፤ አንባቢው ሁለተኛ ክፍል ሲፈልግ የኖረው ለደራሲው ነው። ማን ጠራው? ከማን ጋር ሄደ? ከአርባ ዓመት በላይ ሆነው፣ በአዲስ አበባ ቡና ቤትም ይሁን በሚኤሶ በርጫ ላይ የበዓሉ ነገር ሲነሣ አራት ሰው አራት ታሪክ ይነግርዎታል።

ሆኖም እዚህ ክርክር ውስጥ ሌላው ቅሬታ ሁሉ ይቀራል። ፍጻሜው ያልተጠበቀ ይሁን የሚል የለም፤ ያማረ ይሁን የሚልም የለም። ከአንድ አሮጌ መዝገብ ውስጥ ቀንና ፊርማ ያለበት፣ በደረቅ የቢሮ አማርኛ የተጻፈ አንድ መስመር ቢወጣ፣ ያ ሁሉ አንባቢ አራቱንም ታሪክ ጥሎ እሱን ይቀበላል።