ስም የሌላት ቢላዋ

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚጓዝ መንገደኛ ዱከም ሲደርስ ቁርጥ ሳይበላ ማለፍ ይከብደዋል። ሥጋ ቤት ገብቶም ብዙ ይጠይቃል። በሬው የየት አገር ነው? መቼ ታረደ? ሽንጡ ይሻላል ወይስ ሻኛው? በእጁ ስለያዘው ቢላዋ ግን የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ያውም አሮጌ ሰንጢ መሰብሰብ የምወድ ሰው ሆኜ!

ሰባት ሰንጢዎች አሉኝ። አብዛኞቹን ያገኘኋቸው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። አንዱ ባለ እንጨት እጀታ ኦፒኔል ነው፤ ጆዜፍ ኦፒኔል የተባለ የፈረንሳይ ሳቮይ ሰው እ.ኤ.አ. በ1890 መሥራት የጀመረው። ስለቱ ላይ ዘውድ የተደፋበት እጅ ታትሟል። ሌላው ቀይ የስዊስ ሰንጢ ነው። ካርል ኤልሰነር የቢላዋ መሥሪያውን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1884 ሲሆን፣ በ1891 ለአገሩ ጦር ማቅረብ ጀመረ። እንግዳ ሲመጣብኝ ይህን ሁሉ በኩራት እተርካለሁ።

ስምንተኛዋ ሰንጢ አይደለችም። ዱከም በገበያ ቀን ከአንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ የገዛኋት፣ ከመኪና ባሌስትራ የተሠራች ባለ ቀንድ እጀታ ቢላዋ ናት። 200 ብር ቢሉኝ ተከራክሬ በ120 ወሰድኳት። ለኦፒኔሉ 900 ብር ስከፍል ግን ትንፍሽ አላልኩም።

«አባባ፣ ስምዎትን ላስቀርጽባት?» አልኳቸው።

«ተወው ልጄ» አሉኝ እየሳቁ፤ «ቢላዋ ላይ የቀጥቃጭ ስም ያየ ሰው ምግቡ አይወርድለትም።»

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። በአገራችን ብረት የሚሠራ ሰው ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ኖሯል። ማረሻውን እየገዙ ማዕዱን ሸሹት። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ሽማግሌው ግን ዛሬም ስማቸውን ይደብቃሉ።

«ሰብሳቢ የሚሰበስበው ዕቃ ነው፤ ሠሪው ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ከሆነ ስለ ኤልሰነር ለምን እተርካለሁ? እርሱም እኮ ቢላዋ ሠሪ ነበር። ለአሮጌ ዕቃ ገንዘብ የምናወጣው አንድም ለታሪኩ ብለን ነው። የባዕዱን ሠሪ ታሪክ በውድ ገዝቼ የጎረቤቴን እጅ ዋጋ ከቀነስኩ፣ ቢላዋ እወዳለሁ ማለቴ ከንቱ ነው።

በሌላ ጊዜ ተመልሼ 80 ብሩን ሰጠኋቸው። ገንዘቡን ተቀበሉ፤ ስማቸውን ግን አልነገሩኝም። ያለ ፈቃዳቸው ከሌላ ሰው ጠይቄ ብጽፈውም ሁለተኛ በደል ይሆናል፤ መዘዙ የሚተርፈው ለእርሳቸው ነውና።

በየሰንጢው አጠገብ የሠሪውን ስም በወረቀት ጽፌ አኑሬአለሁ። የስምንተኛዋ ወረቀት ባዶ ነው። የሚሞላውም እኛ በላተኞች የቀጥቃጩን ስም ሰምተን፣ ቢላዋውን ከእጃችን ሳናስቀምጥ መብላት የቻልን ቀን ነው።