የተቀባ ዕድሜ

ሮሌክስ እ.ኤ.አ. በ1953 ሰብማሪነር የተባለውን ሰዓት ሲሠራ ያሰበው ለጌጥ ሳይሆን ለጠላቂ ነው። በመስተዋቱ ዙሪያ የሚዞረው ቀለበት ጠላቂው ውሃ ከገባ ስንት ደቂቃ እንደሆነው ይቆጥርለታል፤ በጥቁሩ ገጽ ላይ ያሉት ደማቅ ነጠብጣቦችም በድፍርስ ውሃ ውስጥ እንዲነበቡ ነው። በዚያው ዓመት ብላንፓን ለፈረንሳይ ባሕር ኃይል ጠላቂዎች ተቀራራቢ መልክ ያለው ሰዓት ማውጣቱ፣ ቅርጹን የወለደው የአንድ ሰው ምናብ ብቻ ሳይሆን የሥራው ጠባይ መሆኑን ያሳያል። በ1954 ደግሞ የሮሌክስ እህት ኩባንያ ቱዶር ያንኑ መልክ፣ ከሌላ አምራች በተገዛ ማሽን፣ ረከስ ባለ ዋጋ አቀረበ፤ የፈረንሳይ ባሕር ኃይልም ለብዙ ዓመታት ተጠቀመበት። ርካሹ አምሳያ እንግዲህ በዕድሜ የዋናው እኩያ ነው።

ዛሬ እንደ ጀርመኑ ሽታይንሃርት ያሉ ኩባንያዎች የቀድሞውን ሰብማሪነር መልክ በጥቂት መቶ ዩሮ ሲሸጡ፣ ይህ ከሌብነት በምን ይለያል የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አንዱ በለፋበት ሌላው ሲያተርፍ ያስቆጫል። ነገር ግን ሕጉ ራሱ ሁለት ነገሮችን ለይቷል። የፈጠራ መብት አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዓመት በኋላ ያበቃና ፈጠራው የሁሉም ይሆናል፤ ስምና የንግድ ምልክት ግን እየታደሱ ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ። ፎርጅድ የሚሰርቀው ስሙን ነው። አምሳያው በገጹ ላይ የራሱን ስም ስለጻፈ ቀርቦ ላየው አይዋሽም። ገዢው ከሩቅ ሮሌክስ እንዲመስልለት ፈልጎ ነው ቢባል እንኳ፣ ያ የአንዳንድ ሰው ምኞት እንጂ የሰዓቱ ጥፋት አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ የነጠብጣቦቹ ቀለም ነው። ድሮ በጨለማ እንዲያበሩ መጀመሪያ ራዲየም፣ በኋላም ትሪቲየም ይቀቡ ነበር። ትሪቲየም በየ12 ዓመቱ ገደማ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ ብርሃኑ ጠፋ፤ ነጩ ቀለምም በዓመታት ብዛት ወደ ክሬም ዞረ። ከዛሬዎቹ አምሳያዎች ብዙዎቹ ይህንኑ ክሬም ገና ከፋብሪካ ሳይወጡ ይቀባሉ፤ ቀለሙ በገበያ ላይ ‹‹አሮጌ ራዲየም›› እየተባለ ይሸጣል፣ አንዲት ቅንጣት ራዲየም ሳይኖርበት። ቀለም ነው፣ ዓይን ይማርካል፣ ሻጩም አልደበቀም፣ ታዲያ ማን ተጎዳ ይባል ይሆናል። ገዢው እንዳልተታለለ እቀበላለሁ። ሆኖም በ1962 ሰብማሪነር አስሮ የጠለቀ ሰው ከፊቱ ያየው ነጭ ነጠብጣብ ነበር። ክሬሙ ሠሪው ያሰበው ነገር አይደለም፤ ሰብሳቢዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ውድ ያደረጉት እርጅና ነው። ስለዚህ ክሬም የተቀባው አምሳያ የሚያከብረው የሰዓቱን ሐሳብ ሳይሆን የጨረታውን ዋጋ ነው። አምራቾቹ ነጩን ይመልሱ፤ የአሉሚኒየሙን ቀለበት ፀሐይና ጨው ያደብዝዙት፣ ጠርዙንም የባለቤቱ ሥራ ይጫረው።