ለይምሰል ስለ መውደድ

ሰው ስለ ገንዘቡ ወይም ስለ ዘመዱ ሲዋሽ ሐሰተኛ ይባላል፤ ሳይወድ «እወዳለሁ» ያለውን ሰው ግን ማንም ሐሰተኛ አይለውም። እንዲያውም የወደደ ያስመሰለው ነገር በታላላቅ ሰዎች ዘንድ የተመሰገነ እንደ ሆነ፤ የተማረና የሠለጠነ ይባልበታል። ይህ ሐሰት ትንሽ ነውን? እኔ ትንሽ አይመስለኝም፤ ራሴ ሠርቼው አይቻለሁና።

በወጣትነቴ አንድ ሽማግሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ወጣቶችን ወደ ቤታቸው እየጠሩ የአውሮፓን ታላላቅ የሙዚቃ ደራስያን ሥራ በሸክላ ያሰሙን ነበር። አንድ ምሽት፤ «ከደራስያኑ ሁሉ አብልጣችሁ የምትወዱት ማንን ነው? ከሥራዎቹስ የትኛውን?» ብለው በየተራ ጠየቁን። አንዱ ቤትሆቨንን፤ ሌላው ሞዛርትን ጠራ። እኔ ግን ከጓደኞቼ በልጬ ለመታየት ስል፤ «ባኽን፤ ከሥራውም በማቴዎስ ወንጌል ላይ የደረሰውን የሕማማት ሙዚቃ» ብዬ መለስሁ። ከሥራዎች ሁሉ በላይ መሆኑን በአንድ መጽሐፍ አንብቤ ነበር። ሥራው ሦስት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ሲሆን፤ እኔ ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አልፌ ሰምቼው አላውቅም። ሽማግሌው ደስ አላቸውና፤ «ከውስጡስ ልብህን የነካው የትኛው ክፍል ነው?» አሉኝ። ዝም አልሁ። ማፈሬን ባዩ ጊዜ አንድ ቃል ሳይጨምሩ ፊታቸውን ወደሚቀጥለው ልጅ መለሱ። ቢቆጡኝ ኖሮ በቀለለኝ።

በዚያ ዘመን ከልቤ የምወደው ደራሲ ሳይኖረኝ ቀርቶ አይደለም። የምወደው ሹበርትን ነበር። ሹበርት በቪየና ተወልዶ በ1828 ዓ.ም. ገና በ31 ዓመቱ የሞተ ሰው ነው፤ (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሊሞት ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ለሁለት ቫዮሊን፣ ለአንድ ቪዮላና ለሁለት ቼሎ የሚሆን አንድ ሥራ ጻፈ። የዚህ ሥራ ሁለተኛው ክፍል እጅግ ዝግ ያለ ነው። መካከለኞቹ ሦስት መሣሪያዎች ረዣዥም ድምፅ ይዘው ሳይቸኩሉ ይሄዳሉ፤ አንደኛው ቫዮሊን ከላይ ሆኖ እንደሚተክዝ ሰው ቃሉን እየቆራረጠ ይናገራል፤ ሁለተኛው ቼሎ ደግሞ ከታች አውታሩን በጣት ይነካል። ጆሮ ይህን ጸጥታ ሲለምድ በድንገት ማዕበል ይነሣል። ማዕበሉም ካለፈ በኋላ ያው የፊተኛው ዜማ ይመለሳል፤ ነገር ግን ከበታቹ ዕረፍት ያጣ ድምፅ ይመላለሳል፤ የተመለሰው ሰላም ማዕበሉን ገና አልረሳውም። ይህ ሥራ በሕዝብ ፊት የተሰማው ደራሲው ከሞተ ከብዙ ጊዜ በኋላ፤ በ1850 ዓ.ም. ነው። እኔ ስሰማው እንባዬ ይመጣ ነበር። ታዲያ ስለ ምን ስሙን ደበቅሁ? ያነበብሁት መጽሐፍ ሹበርትን የትንንሽ ዘፈን ደራሲ አድርጎ ስላሳነሰው ነው። የገዛ እንባዬን ትቼ መጽሐፉን አመንሁ።

መጽሐፍና ወሬ ስለ ደራስያን የሚሰጡት ፍርድ እንዴት እንደሚገለባበጥ ከራሱ ከባኽ ታሪክ ማየት ይቻላል። በ1722 ዓ.ም. በሊፕዚግ ከተማ የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን የዜማ መሪ በሞተ ጊዜ፤ የከተማው ሹማምንት በቦታው ሊሾሙ የፈለጉት ቴለማንን ነበር። እርሱ በሐምቡርግ መቅረትን በመረጠ ጊዜ ግራውፕነር የሚባለውን ፈለጉ፤ እርሱንም ጌታው አልለቅም አለ። ባኽ የተሾመው ከዚህ በኋላ፤ በ1723 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ በሊፕዚግ ሹማምንት ይሥቃል። ነገር ግን ከሚሥቁት መካከል የቴለማንን አንድ ሥራ እስከ መጨረሻው የሰማ ስንቱ ነው? ሹማምንቱ በዘመናቸው የገነነውን ስም ተከተሉ፤ የሚሥቁባቸውም በዘመናቸው የገነነውን ስም ይከተላሉ። ባኽ ራሱ በቴለማን አልሣቀም፤ በ1714 ዓ.ም. ለተወለደው ልጁ የክርስትና አባት እንዲሆን የመረጠው እርሱን ነው። ግራውፕነርም መሄድ ባልቻለ ጊዜ ስለ ባኽ መልካም ምስክርነት ጽፎ ለሹማምንቱ ላከ። ሦስቱ ሲከባበሩ እኛ በአንዱ ስም ሁለቱን እንንቃለን።

ወጣት አንባቢ ሆይ! ከዚህ ተነሥተህ፤ «እንግዲያስ ደስ ያለኝን ብቻ እሰማለሁ፤ የማንም ምስክርነት አያሻኝም» አትበል። ድጓ ሊማር የገባ ልጅ በመጀመሪያው ቀን «ዜማው አልጣመኝም» ብሎ ቢነሣ መምህሩ ይሥቁበታል፤ ግዕዙን ከዕዝሉ፣ ዕዝሉን ከአራራዩ ለመለየት ስንኳ ጆሮው ገና ነውና። «ይህ ሥራ ታላቅ ነው» ማለትና «ይህን ሥራ እወዳለሁ» ማለት ግን ሁለት ልዩ ልዩ ነገር ነው። የመጀመሪያውን አዋቂዎች መስክረውልኝ ልናገረው እችላለሁ፤ በሁለተኛው ነገር ከእኔ በቀር ምስክር የለም። ሳይወድ «እወዳለሁ» ያለ ሰው ደግሞ ወደ መውደድ የሚያደርሰውን መንገድ በገዛ እጁ ይዘጋል፤ አንድ ጊዜ ካወጀ በኋላ «አልገባኝምና አስረዱኝ» ለማለት ያፍራልና።

ያን የባኽን የሕማማት ሙዚቃ ለብዙ ዘመን ሳይሰማ ከቆየ በኋላ በ1829 ዓ.ም. በበርሊን እንደ ገና ያሰማው ሜንዴልሶን ነው፤ ዕድሜውም ያን ጊዜ 20 ዓመት ብቻ ነበር። መምህሩ ዜልተር ነገሩ ይሆናል ብሎ በመጀመሪያ አላመነም። ሜንዴልሶን ግን የጽሑፉን ግልባጭ ከአያቱ ካገኘ ጀምሮ ለዓመታት ሲያጠናው ቆይቶ ነበርና መምህሩን አሸነፈ። ወደድሁ ቢል የሚያመሰግነው ብዙ ሰው በሌለበት ጊዜ ወደደ።

እኔ ከዚያ ምሽት በኋላ ለጥቂት ሳምንት ከሽማግሌው ቤት ቀረሁ። ኋላ ግን አንድ ቀን ለብቻዬ ሄጄ፤ ዋሽቼ እንደ ነበረና ሥራውን ጨርሼ እንዳልሰማሁት ነገርኋቸው። እርሳቸውም ሸክላዎቹን አውጥተው አዋሱኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ሰለቸኝ፤ በሁለተኛውም እንዲሁ። ወር ካለፈ በኋላ ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ ክዶ፤ ዶሮ ጮኾ፤ ወጥቶ መራራ ልቅሶ ካለቀሰበት ስፍራ ደረስሁ። ከዚያ ቀጥሎ አንዲት ሴት ትዘምራለች፤ አንድ ቫዮሊንም አብሮአት ያለቅሳል። ጴጥሮስ የዋሸው በዙሪያው ያሉትን ሰዎች ፈርቶ እንደ ሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬአለሁ፤ በዚያች ሌሊት ግን ነገሩ ስለ እኔ መሰለኝ። መርፌውን መልሼ አራት ጊዜ ያህል ሰማሁት።

ሸክላዎቹን ስመልስ የትኛው ክፍል ልቤን እንደ ነካው ለሽማግሌው ነገርኋቸው። «እንግዲህ ከሁሉ አብልጠህ ባኽን ትወዳለህ ማለት ነው?» አሉኝ።

«አይደለም፤ አሁንም አብልጬ የምወደው ሹበርትን ነው» አልሁ።

ከመደርደሪያው ላይ የሹበርትን ሸክላ መዘዙና አቧራውን በእጅጌአቸው ጠርገው አስቀመጡት። መርፌውንም እኔ እንዳሳርፍ በእጃቸው አመለከቱኝ።