ከአገር ስለ መነሣት

አንባቢ ሆይ፥ ከአገርህ የምትነሣበትን ጊዜ በምን ታውቃለህ? በምሥራቅ ሐረርጌ ያለውን የሐረማያን ሐይቅ ተመልከት። የሐረር ከተማ ይጠጣው የነበረ፥ የጫት እርሻም ይረካበት የነበረ ይህ ውሃ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ። ምልክቱ ግን አስቀድሞ ታይቶ ነበር፤ ውሃው ሲሸሽ ሰው በሞተርና በቧንቧ ይከተለው ነበርና። ለእኔ ከውሃው መሸሽ ይልቅ የሰዎቹ መከተል የከፋ ምልክት ይመስለኛል፤ ጥፋቱን እያዩ ስለ ድርሻቸው የሚሽቀዳደሙ ጎረቤቶች የመመካከሪያ ጊዜ አልፎባቸዋል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ልጆችን ይዞ መሄድ ነውር አይደለም፤ የቀሩትንም ሞኞች አልላቸውም፥ ከዓመታት በኋላ ውሃው በከፊል ተመልሷልና። ነገር ግን ለመሄድ ቤትህን ስትሸጥ፥ ገዢው ስለ ጕድጓዱ ቢጠይቅህ ምን ትለዋለህ? ባይጠይቅህስ?