ማንሣትና መነሣት

በአማርኛ ሰው ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ፎቶግራፍ አንሺው ደግሞ ያነሣል። «ተነሣ» የሚለው ግስ ግን ሁለት ፍቺ አዝሏል። ሰው በገዛ ፈቃዱ ከተቀመጠበት ሲቆም ተነሣ ይባላል፤ ዕቃም በሌላ እጅ ከቦታው ሲወሰድ ተነሣ ይባላል። በካሜራ ፊት የቆመ ሰው ከሁለቱ በየትኛው ፍቺ እንደ ተነሣ ምስሉ ብቻውን አይነግረንም። ያለ ፈቃዱ የተነሣ ሰው ምስልስ የማን ሊባል ይገባል?

ዳግማዊ ምኒልክ የምስልን ጉልበት ቀድመው ከተረዱት ነገሥታት አንዱ ነበሩ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1890ዎቹ አጋማሽ በፓሪስ ባሠሩት ገንዘብና ቴምብር ላይ ዘውድ ደፍተው ይታያሉ፤ በኋላም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኗል። እንዲህ ያለ ምስል ንጉሡን ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ ቢያጋንን እንኳ ማጋነኑ የባለቤቱ ነው።

የደጃዝማች ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ምስል ግን ከዚህ የተለየ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ መንገድ ላይ ዐረፉ። የሰባት ዓመቱ ልጅ ባሕር ተሻግሮ ተወሰደ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በዋይት ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ። በዚያን ዘመን ምስል የሚቀረጸው ኬሚካል በተቀባ እርጥብ መስተዋት ላይ በመሆኑ፣ ተነሺው ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ እንዲቆይ ይገደድ ነበር። አባትና እናቱን ባጣ በጥቂት ወራት ውስጥ «አትንቀሳቀስ» የተባለ ሕፃን ፈቅዶ ተነሣ ለማለት ይከብዳል።

አንዳንዱ «ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲ ይወደው አልነበረምን?» ይል ይሆናል። በእርግጥ ስፒዲ አማርኛ ያውቅ ነበር፤ ልጁም ከእርሱ መለየት አይሆንለትም ነበር። ይሁን እንጂ ስፒዲ ራሱ የሐበሻ ልብስ ለብሶ፣ ባሻ ፈለቀ በሚለው ስሙ ከልጁ ጋር ተነሥቷል። እርሱ ያን ልብስ መልበስም ማውለቅም ይችላል፤ ልጁ ግን ምርጫ አልነበረውም። ደግነት የፈቃድን ቦታ አይተካም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ መከራከሪያ አለ። አፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ አይታወቅም፤ ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ የነደፈው ከሞቱ በኋላ ፊታቸውን ነው። ካሜሮን ባታነሣው ኖሮ የልጁንስ መልክ በምን እናውቀው ነበር? ዓለማየሁ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። የቤተ መንግሥቱ ሹማምንት በ2023 አፅሙን ለመመለስ ፈቃደኛ እንዳልሆኑ አስታወቁ። አፅሙ ይመለስ የሚሉት ወገኖች ራሳቸው የሚይዙት ይህንኑ ምስል ነው።

ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የኋላ ጥቅም የፊቱን በደል አይፍቅም። የተቀማ ማሳ ፍሬ ቢያፈራ ፍሬው ቀማኛውን ባለርስት አያደርገውም። ምስሉን እንቅደደው ወይም እንሸሽገው ማለትም አይደለም፤ ያ ልጁን ዳግመኛ ማጥፋት ነው። ዕዳው ዛሬ በእኛ፣ ምስሉን በምናባዛውና በግድግዳችን ላይ በምንሰቅለው ሰዎች ላይ አርፏል። ካሜሮን ከምስሉ ጋር ያኖረችው ርእስ የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ መሆኑን ይናገራል፤ ከዚያ ወንበር እንዴት እንደ ደረሰ ግን አይናገርም። የጎደለውን መጻፍ የእኛ ፈንታ ነው። የልጁን ፊት ለውበቱ ወይም ለቁጭታችን ብቻ አንሥተን የመጣበትን መንገድ ከተውነው፣ እኛም ያለ ፈቃዱ አነሣነው እንጂ እርሱ አልተነሣም።